የአፈሙዝ ፍሬን በነጥብ 22 ጠመንጃ ላይ፦ ከአንድ ዓመት አጠቃቀም በኋላ የቀረበ ግምገማ

ባለ ነጥብ 22 ካሊበር በሆነው ጠመንጃዬ ላይ ለአንድ ዓመት ያህል ተጠምዶ የቆየውን የአፈሙዝ ፍሬን፣ ማለትም በበርሜሉ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ባለ ቀዳዳ ብረት፣ ፈትቼ ካስቀመጥኩት ጥቂት ሳምንታት ሆነዋል። የገዛሁት ማሸጊያው ላይ የተጻፉትን ሦስት ተስፋዎች አምኜ ነበር፤ ጠመንጃው ትከሻን የሚመታበትን ኃይል እንደሚቀንስ፣ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ እንዳይዘል እንደሚያደርግና ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ይበልጥ ተቀራርበው እንዲያርፉ እንደሚረዳ ይናገር ነበር። እነዚህን ተስፋዎች በእርጋታ ለመፈተሽ በቂ ጊዜም በቂ ጥይትም ስለነበረኝ፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከእኔ ልምድ አንድ ነገር እንዲያገኝ በማሰብ ይህን ግምገማ እጽፋለሁ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የማነሳው ጥያቄ የአንድን አምራች ጥራት የሚመለከት ሳይሆን ይህ ዓይነቱ ዕቃ በትንሽ ካሊበር የሪምፋየር ጠመንጃ (ጥይቱ በቀለሁ ግርጌ ከንፈር ላይ ተመትቶ በሚቀጣጠል ጠመንጃ) ላይ የሚሠራው ሥራ አለው ወይ የሚል ነውና።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል የሚባለውን የተለመደ ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ላይ የአፈሙዝ ፍሬን የሚያስገኘው ጥቅም በትከሻም በዓይንም የማይለይ ነው፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን በጆሮ ይሰማል፣ በጽዳት ጊዜም ይታያል። ፍጥነታቸው ከፍ ባሉት የሪምፋየር ጥይቶች፣ በተለይም ነጥብ 17 ኤችኤምአር በሚባለው ቀላልና ፈጣን ጥይት ላይ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ዕቃው አሠራር ከተነሳ የማማርርበት ምክንያት የለኝም። ከብረት የተሠራ፣ ጥቁር የተቀባ፣ ርዝመቱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል፣ ክብደቱም 80 ግራም ግድም የሆነ ዕቃ ነው። በሁለቱ ጎኖቹ ሦስት ሦስት ሰፋፊ ስንጥቆች፣ ከላዩ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። የብሎን ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ የተቆረጠ ነው፤ በእጅ ሲጠመድ ሳይንገዳገድ ይገባል፣ አብራው በመጣችው ሮንዴላ አማካኝነትም ቀዳዳዎቹ በትክክል ወደ ላይ እንዲዞሩ ማስተካከል ይቻላል። በዓመቱ ውስጥ አልላላም፣ አልዛገም። ለጠመንጃው የሚሰጠውን መልክ የሚወድም ይኖራል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ምን ይዞ እንደሚሠራ ሲጠየቅ ነው። የአፈሙዝ ፍሬን ጥሬ ዕቃው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አረሩ ከበርሜሉ ከወጣ በኋላ ተከትሎት የሚፈልቀው የባሩድ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ ከአረሩ ፍጥነት በብዙ ይበልጣል፤ ወደ ፊት ሲወረወርም እንደ ሮኬት ጭራ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፍሬኑ ጋዙን በግድግዳዎቹ አግቶ ወደ ጎን ወይም በከፊል ወደ ኋላ ሲመልሰው፣ ጋዙ ግድግዳዎቹን ወደ ፊት ስለሚገፋ ትከሻ ላይ ሊያርፍ ከነበረው ምት የተወሰነው ይካካሳል። ከላይ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ሽቅብ የሚወጣው ጋዝ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫነዋል። አረሩ ራሱ ወደ ፊት በመወርወሩ የፈጠረው ምት ግን ከፍሬኑ ሥልጣን ውጭ ነው፤ አረሩ ከፍሬኑ ጋር ሳይነካካ መሐል ለመሐል ያልፋልና።

ስለዚህ የአንድ ፍሬን ጥቅም የሚወሰነው ከጠቅላላው የኋላ ምት ውስጥ የጋዙ ድርሻ ስንት ነው በሚለው ጥያቄ ነው። ባለ 12.7 ሚሊሜትር ካሊበር በሆነው ከባድ ጠመንጃ፣ በባሬት ኤም 82፣ አፈሙዝ ላይ የቀስት ጫፍ የሚመስል ትልቅ ፍሬን የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ በእያንዳንዱ ጥይት የሚቃጠለው ባሩድ ከ14 ግራም ይበልጣል፣ ያለዚያ ፍሬንም መሣሪያውን ደጋግሞ ከትከሻ መተኮስ ከባድ በሆነ ነበር። በነጥብ 308 ዊንቸስተር ጥይት ደግሞ የባሩዱ መጠን ከ3 ግራም ጥቂት የሚያንስ ሲሆን፣ የአረሩ ክብደት 10 ወይም 11 ግራም ነው። እዚህም ጋዙ ከጠቅላላው ምት ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ስለሚይዝ ጥሩ ፍሬን የሚያመጣውን ለውጥ ማንም ሰው በመጀመሪያው ጥይት ያውቀዋል።

ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል ከእነዚህ ጋር በአንድ ረድፍ የሚቆም አይደለም። ጥይቱ በ1887 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከወጣ ጀምሮ መሠረታዊ ቅርጹ አልተቀየረም። ሪምፋየር መባሉ ማቀጣጠያው ውሁድ በቀለሁ መሐል እንደሌሎቹ ጥይቶች በተለየ ካፕሱል ውስጥ ስለማይቀመጥ ነው፤ በቀለሁ ግርጌ ዙሪያውን በታጠፈው ከንፈር ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል፣ መቺው መርፌ ያንን ከንፈር ሲጨፈልቀው ይቀጣጠላል። ይህ እንዲሆን የቀለሁ ብረት ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ቀለህ ደግሞ ከፍተኛ ግፊት አይችልም። ለዚህም ነው የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ 165 ሜጋፓስካል ያህል ሆኖ ሲቀር፣ የነጥብ 308ቱ ከ400 ሜጋፓስካል በላይ የሚሆነው። የሚይዘው ባሩድ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም፤ ይህም ትንሽ ባሩድ ቢሆን በበርሜሉ የመጀመሪያዎቹ 40 ሴንቲሜትር ውስጥ ሥራውን ከሞላ ጎደል ጨርሷል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ ቢረዝም አረሩ ፍጥነት አይጨምርም፤ እንዲያውም ሰበቃው ያዘገየዋል። በተለመደው ርዝመት በርሜል ጫፍ ላይ ለፍሬኑ የሚደርሰው እንግዲህ ተሟጥጦ የደከመ ጋዝ ነው።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ እንሥራው። የአረሩ ክብደት 2.6 ግራም፣ ፍጥነቱ በመደበኛው ጥይት 330 ሜትር በሰከንድ ነው። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው መጠን፣ የፊዚክስ ሰዎች ሞመንተም የሚሉት፣ ከአጠቃላዩ የኋላ ምት ከስምንት እጅ ሰባቱን ያህል ይይዛል፤ ለጋዙ የሚተርፈው አንድ ስምንተኛ ግድም ብቻ ነው። ፍሬኑ ፍጹም ቢሆንና የጋዙን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ቢያጠፋው እንኳ ከምቱ ስምንት እጅ ሰባቱ እንዳለ ይቀራል። ያ ጠቅላላ ምት ራሱ ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቅም ይገባል። ሦስት ኪሎግራም በሚመዝን ጠመንጃ ላይ ጉልበቱ ከ0.2 ጁል አይበልጥም፤ አንድ ኪሎ ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ጉልበት ማለት ነው። አራት ኪሎግራም የሚመዝን የነጥብ 308 ጠመንጃ የሚመታው በ20 ጁል ያህል ስለሆነ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ይደርሳል። ከሁለት ሴንቲሜትሯ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ስለተቀነሰ ትከሻ አያመሰግንም።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የማያውቀውን አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ እኔም ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው። በነጥብ 22 ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ በብዛት የሚቆረጠው የብሎን ጥርስ ስፋቱ ግማሽ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥም 28 ጥርስ ያለው ነው። ይህ ልክ ባለ 5.56 ሚሊሜትር ካሊበር በሆኑት ኤአር 15 ጠመንጃዎች ላይ ያለው ጥርስ ነው፤ የአረሩም ስፋት በጣም የተቀራረበ ነው። ስለዚህ ለነጥብ 22 ተብለው ከሚሸጡት ፍሬኖች ብዙዎቹ ቅርጻቸው የታሰበው ለ5.56ቱ ሲሆን፣ እዚያ በእያንዳንዱ ጥይት የሚቃጠለው ባሩድ ከ1.6 ግራም አያንስም። ግድግዳዎቹና ስንጥቆቹ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ለሚሆን ባሩድ ተለክተው ሳለ፣ የእኛ ጠመንጃ ጋዝ በእነዚያ ሰፋፊ ክፍሎች ውስጥ ሲገባ ግድግዳውን ሳይገፋ ተበትኖ ያልቃል። ዕቃው ጥሩ ሆኖ ሳለ ቦታው ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳብ ብቻውን እንዳያታልለኝ ደግሞ ሙከራ አደረግሁ። ፍሬን በአፈሙዝ ላይ ሲታሰር ክብደትም አብሮ ይጨመራል፤ ክብደት ደግሞ ያለ ምንም ቀዳዳ በራሱ የአፈሙዙን መዝለል ይቀንሳል። ሁለቱን ለመለየት አንድ የቶርኖ ባለሙያ ከፍሬኑ ጋር በርዝመትም በክብደትም እኩል የሆነ፣ ግን ምንም ስንጥቅ የሌለው ድፍን ቱቦ እንዲቆርጥልኝ አደረግሁ። ከዚያም አንድ የተኩስ ጓደኛዬ ጥይት አለመኖሩን እያረጋገጠ፣ እኔ ፊቴን አዙሬ ሳለሁ አንዴ ፍሬኑን፣ አንዴ ቱቦውን፣ አንዴም ባዶውን ክዳን (የአፈሙዙን የብሎን ጥርስ የሚጠብቀውን) እየጠመደ ጠመንጃውን ያቀብለኝ ጀመር፤ እኔም ወደ አፈሙዙ ሳላይ አምስት አምስት ጥይት እየተኮስኩ የትኛው እንደሆነ እናገር ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ፍሬኑን ሁልጊዜ አወቅሁት፤ ጓደኛዬም ተገረመ። ነገር ግን ያወቅሁት በትከሻዬ ሳይሆን በጆሮዬ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በሁለተኛው ዙር የጆሮ መሰኪያ አስገብቼ በላዩ የጆሮ መከላከያ ስደርብበት፣ ፍሬኑንና ድፍኑን ቱቦ መለየት ጨርሶ አቃተኝ፤ መልሴ ግምት ብቻ ሆነ። ከባዶው ክዳን ጋር ሲነጻጸሩ ግን ሁለቱም፣ ፍሬኑም ቱቦውም፣ በማነጣጠሪያ መነጽሩ ውስጥ ያለውን መስቀል በትንሹ ጸጥ ያደርጉት ነበር። የተሰማኝ ጥቅም ሁሉ የ80 ግራሙ ብረት ጥቅም ነበር ማለት ነው። ጓደኛዬም በተራው ሞክሮት መልሱ ከእኔ አልተለየም። ሁለት ሰዎች ያደረጉት ሙከራ ለሁሉም ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሆኖም ፍሬን ያለው ሰው ሁሉ በቀላሉ ሊደግመው የሚችለው ስለሆነ፣ እኔን ከማመን ይልቅ ራሱ ቢሞክረው እመርጣለሁ።

ጥይቶቹ ይበልጥ ተቀራርበው ያርፋሉ የሚለው ተስፋ ከሁሉም ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ገዢን የሚስበው እሱ ነውና። ፍሬኑ ሥራ የሚጀምረው አረሩ ከበርሜሉ ከተለየ በኋላ ስለሆነ፣ በሄደው አረር ጉዞ ላይ በጋዝ አማካኝነት የሚያመጣው መሻሻል ሊኖር አይችልም። አረሩ ገና በርሜሉ ውስጥ ሳለ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያንንም ፍሬኑ አያግደውም። በአፈሙዝ ላይ የተጨመረ ክብደት ግን በርሜሉ በተኩስ ጊዜ የሚርገበገብበትን ሁኔታ ስለሚለውጥ፣ ጥይቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ይቀየራል፤ መሰባሰባቸውም ሊሻሻል ወይም ሊበላሽ ይችላል። በትክክለኛነት ውድድር ላይ ያሉ ተኳሾች ይህን ጠባይ ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ሌላ ዕቃ አላቸው፤ አፈሙዙ ላይ ታስሮ በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዞር ክብደት ሲሆን፣ ለተመረጠው ጥይት የሚስማማው ቦታ እስኪገኝ ድረስ በትዕግሥት ይስተካከላል። ፍሬን ግን አንድ ቦታ የቆመ ክብደት ነው፤ ቢያሻሽልም በአጋጣሚ ነው። በእኔ ጠመንጃ ላይ በ50 ሜትር ርቀት፣ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ ከአንድ ሳጥን ከወጣ ጥይት በፍሬንና ያለ ፍሬን ደጋግሜ ስተኩስ ጥይቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ጥቂት ዝቅ አለ እንጂ መሰባሰባቸው ሲሻሻል አላየሁም። የጥይቱን ዓይነት ስቀይር ግን ልዩነቱ ያለ ማስመሪያ የሚታይ ሆነ።

በነጥብ 22 ጠመንጃ በዓለም ላይ እጅግ ትክክለኛ የሆነው ተኩስ የሚታየው በኦሊምፒኩ የ50 ሜትር ውድድር ነው፤ የዒላማው አሥር ቁጥር ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ በጠመንጃ ውድድር የአፈሙዝ ፍሬንንና ኮምፔንሴተርን (ጋዙን ወደ ላይ በመልቀቅ አፈሙዙን ወደ ታች የሚጫነውን ዕቃ) ይከለክላል፤ ጠመንጃው ግን እስከ 8 ኪሎግራም እንዲመዝን ይፈቅዳል። በክልከላው የተነሳ አንድም ተኳሽ ትክክለኛነት ጎደለኝ ብሎ ሲቸገር አይታይም፤ ከባድ ጠመንጃ፣ የተመረጠ ጥይትና የተስተካከለ ቃታ ሥራውን ይሠራሉ።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልለፍ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ድምፁ ነው። ነጥብ 22 ጠመንጃ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ድምፁ ለስላሳ መሆኑ ነው፤ በመደበኛው ጥይት አረሩ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም ከ340 ሜትር በሰከንድ ገደማ፣ በታች ስለሚሄድ የአየር ፍንዳታ ድምፅ አይጨምርም፣ የአፈሙዙም ድምፅ ወደ ፊት ይርቃል። ፍሬን ይህን ድምፅ ወደ ጎንና ወደ ተኳሹ ይመልሰዋል። ለቅጽበታዊ ድምፅ የአደጋ ወሰን ተደርጎ የሚወሰደው 140 ዴሲቤል ሲሆን፣ ይህ ጠመንጃ ያለ ፍሬንም ከዚያ ወሰን ብዙ አይርቅም። ከጎን ያለው ተኳሽ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ጓደኛዬ በጎኔ ተኝቶ ሲተኩስ በእያንዳንዱ ጥይቴ ጊዜ ፊቱን እንደሚያኮማትር ሲነግረኝ፣ ያለ ምንም ጥቅም ሰው ማስቸገሬ አሳፈረኝ።

ይህ ጉዳይ ለጀማሪዎች ሲሆን ክብደቱ ይጨምራል። አዳዲስ ተኳሾችን በማለማምድበት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ጀማሪ ቃታውን ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍነውና ትከሻውን የሚሸማቅቀው ምቱን ፈርቶ ሳይሆን ድምፁን ፈርቶ ነው። ነጥብ 22 ለማስተማሪያ የተመረጠው ይህ ፍርሃት ሥር ሳይሰድ ተማሪው አተነፋፈሱን፣ አነጣጠሩንና የቃታ አሳሳቡን እንዲይዝ ነው። ወላጆች ልጃቸው እንዳይመታ በማሰብ በልጁ ጠመንጃ ላይ ፍሬን ሲያስሩ አይቻለሁ። አሳባቸው የፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ልጁ ያልነበረበትን ድንጋጤ እንዲለምድ ማድረግ ነው። እንዲህ ላለው ጠመንጃ የሚያስፈልገው ለልጁ ክንድ የተለካ ሰደፍና ጥሩ የጆሮ መከላከያ ነው፤ ይህን የምለው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ቆሻሻው ነው። የነጥብ 22 አረር በአብዛኛው ያልተሸፈነ ወይም በስሱ ብቻ የተለበጠ እርሳስ ሲሆን፣ በሰም ወይም በቅባት የተቀባ ነው። የእርሳሱ ብናኝ፣ ሰሙና የባሩዱ ጥላሸት ከጋዙ ጋር እየወጡ በፍሬኑ ግድግዳዎች ላይ ይጋገራሉ። በእኔው ፍሬን ከጥቂት መቶ ጥይቶች በኋላ የፊተኛው ክፍል ግራጫ ቅርፊት ይዞ ነበር፤ በብሩሽ አልለቅ ሲል በቀጭን ነሐስ መፋቅ ነበረብኝ። ቅርፊቱ እርሳስ ስለሆነ የሚጸዳው ጓንት አድርጎ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው፤ እጅንም ደህና አድርጎ መታጠብ ያስፈልጋል። ሳይጸዳ ከቆየ ደግሞ ቅርፊቱ ወደ አረሩ መውጫ እየቀረበ ይመጣል። የአረሩ ስፋት 5.7 ሚሊሜትር፣ የፍሬኑ ቀዳዳ ከዚያ የሚሰፋው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ለስላሳው እርሳስ ጠርዙን ቢነካ ጉዞው ይበላሻል። ጥርሱ ጠማማ ሆኖ በተቆረጠ በርሜል ላይም ያው አደጋ አለ፤ ስለዚህ ማንም አዲስ ፍሬን ሲያስር ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ ቀጥተኛነቱን በመለኪያ ዘንግ ማየት ይኖርበታል።

ጥርስ የሌለውን በርሜል ለፍሬን ሲባል ማስቆረጥን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይደረግ። ጥሩ የነጥብ 22 በርሜሎች ውስጣቸው ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ በጥቂቱ ጠበብ እንዲል ይደረጋል፤ ለትክክለኛነታቸውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የውጩ ብረት በቶርኖ ሲቀነስ፣ በተለይ ውስጡ በጭመቃ በተሠራ በርሜል ላይ፣ በብረቱ ውስጥ ታምቆ የነበረው ውጥረት ይላላና ልክ በማያስፈልግበት ቦታ ላይ ውስጡ ሊሰፋ ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ሎንግ ራይፍል ጥይት ነው። ጓደኛዬ ነጥብ 17 ኤችኤምአር የሚተኩስ ጠመንጃ ስላለው፣ ያንኑ ፍሬን በእሱ ላይ አስረን ሞከርነው፤ ውጤቱም ፍርዴን በከፊል አሻሻለው። ይህ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥይት አረሩ 1.1 ግራም ብቻ የሚመዝን ሲሆን ፍጥነቱ ወደ 777 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ ለዚህም ወደ 0.35 ግራም የሚጠጋ ባሩድ ያቃጥላል። አረሩ ቀሎ ባሩዱ ስለበዛ የጋዙ ድርሻ ከጠቅላላው ምት ሲሶ ያህል ይሆናል፤ በድርሻ ረገድ ከነጥብ 308ቱ አይተናነስም። ምቱ ራሱ አሁንም ትንሽ ነው፤ ትከሻን ለማዳን ፍሬን አያስፈልገውም። ጥቅሙ የሚታየው በመነጽር ውስጥ ነው። ይህ ጥይት ትናንሽ ተባዮችን ከመቶ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ለመምታት ስለሚመረጥ፣ ተኳሹ አረሩ የት እንዳረፈ በራሱ መነጽር ማየት ይፈልጋል፤ ያለ ፍሬን በከፍተኛ ማጉያ ሲታይ ምስሉ በተኩሱ ቅጽበት ይዘልና ያ ቅጽበት ያመልጣል። ፍሬኑ ሲታሰር ምስሉ ቆሞ ቀረ፤ ወረቀቱ ላይ ቀዳዳው ሲከፈት ሁለታችንም በየተራ አየነው። ድፍኑን ቱቦ ስናስርበት ግን ምስሉ ዘለለ፤ እዚህ ላይ ሥራውን የሠራው ጋዙ እንጂ ክብደቱ እንዳልሆነ አመንኩ። አረሩ 4.4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰፋ በፍሬኑ ቀዳዳ ዙሪያ ብዙ ጋዝ ያመልጣል፤ ለካሊበሩ የተለካ ፍሬን ቢሆን ከዚህም የተሻለ እንደሚሠራ መገመት ይቻላል። የዚህ ጥይት አረር በመዳብ የተሸፈነ በመሆኑ የእርሳስ ቅርፊቱ ችግርም የለበትም። ድምፁ ግን ከነጥብ 22ቱ የከፋ ነው፤ ያለ ጆሮ መከላከያ ፈጽሞ ሊተኮስ አይገባም። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው ነጥብ 22 ማግነም በሁለቱ መካከል ይቀመጣል፤ ፍሬን በእሱ ላይ ጥቂት ይጠቅማል፣ ግን ለዚያ ብሎ መግዛት አስፈላጊ ሆኖ አይታየኝም።

በሎንግ ራይፍል ላይም ቢሆን ልቀበለው የምችለው አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የብረት ሰሌዳዎችን በፍጥነት የመምታት ውድድር ነው። እዚያ አንድ ተኳሽ አምስት ሰሌዳዎችን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ስለሚመታ፣ ብርሃናዊው የማነጣጠሪያ ነጥብ በእያንዳንዱ ጥይት መካከል የሚባዝንበት ጊዜ ዋጋ አለው። የእነዚህ ሰዎች ጠመንጃዎች በጣም ቀላል፣ በርሜሎቻቸው አጫጭር ወይም ቀጫጭን፣ ጥይቶቻቸውም ፈጣኖቹ ናቸው፤ በዚያ ሁኔታ ለዚሁ ጥይት ተብሎ ጠባብ ክፍሎች ያሉት ቀላል ኮምፔንሴተር ነጥቡን ትንሽ ቢያረጋው አይገርመኝም። በዚህ ደረጃ ያለ ተኳሽ ግን የእኔን ግምገማ አይጠብቅም፤ የሰዓት መቁጠሪያው ይነግረዋል።

ሕግ በሚፈቅድበት አገር ጥርስ ያለው በርሜል ላለው ሰው ድምፅ ማፈኛ ከፍሬን በሁሉም ረገድ ይሻላል፤ ያችኑ ጥቂት ጋዝ ይዞ ያቆያታል፣ ክብደትም ይጨምራል፣ ጆሮንም ያድናል። ማፈኛ የማይፈቀድበት ሰው ደግሞ ለፍሬን ሊያወጣው ያሰበውን ገንዘብ ከአራት ከአምስት አምራቾች በመጡ የተለያዩ የጥይት ሳጥኖች ላይ አውጥቶ፣ ጠመንጃው የትኛውን እንደሚወድ በ50 ሜትር ቢፈትሽ ዒላማው ላይ የሚያየው ለውጥ ከየትኛውም የአፈሙዝ ዕቃ የሚያገኘውን እጅግ ይበልጣል። እኔ ይህን ያደረግሁት ፍሬኑን ከገዛሁ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በመገልበጤ አዝናለሁ።

ፍሬኑን ለጓደኛዬ ሰጥቼዋለሁ፤ በነጥብ 17 ጠመንጃው ላይ አስሮት ይጠቀምበታል፣ ለካሊበሩ የተለካ እስኪያገኝ ድረስም አያወልቀውም። በእኔ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ አሁን ያለው ጥርሱን ከመጋጨት የምትጠብቀው ትንሿ ክዳን ናት። መነጽሩንም ለእርሷ እንደገና አስተካክዬዋለሁ፤ ጥይቶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል።